ጳጉሜ 6ን «ስህተት» የሚል ኮምፒውተር

ቆላ ድባ ውስጥ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን አለ እንበል። ዘመነ ሉቃስ ሊያልቅ፣ ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው። ቀኑን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። መመዝገቢያው ፕሮግራም ግን «ወር ከ1 እስከ 12» ተብሎ ከተሠራ ልጁን አይቀበለውም። መዝጋቢዋ ምን ታድርግ? ነሐሴ 30 ብላ ታልፋለች። ያ ቀን የልጁ የዕድሜ ልክ መረጃ ሆኖ ይቀራል።

ሒሳቡ እኮ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ናት፤ ካልሆነ 5። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመቱ ላይ 5500 ደምረው፣ በ4 ገድፈው ወንጌላዊውን ሲያወጡ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በባሽ የሚጻፍ ሼል ስክሪፕት በሁለት መስመር ይጨርሰዋል።

ጣጣው ያለው ከሒሳቡ በፊት ነው። ባሽ የሰጡትን አይጠራጠርም። የትውልድ ዓመት በሚጻፍበት ቦታ በላቲን ፊደል አንድ ቃል ብታስገቡ የተለዋዋጭ ስም ይመስለዋል፤ እሴት ካላገኘለት ዜሮ ብሎ ይቆጥረዋል። ከ2018 ላይ ዜሮ ቀንሶ ሰውየው 2018 ዓመቱ ነው ይላችኋል፤ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ።

ሌላም አለ። ከፊቱ 0 ያለበትን ቁጥር በ8 መሠረት ያነበዋል። በ8 መሠረት ደግሞ 8 እና 9 የሚባሉ አኀዞች የሉም። ስለዚህ ወሩን 01፣ 02 እያለ ሲቀበል እስከ መጋቢት ድረስ ደህና የሠራ ስክሪፕት ሚያዝያ ላይ፣ 08 ሲገባበት፣ ይቆማል። መድኃኒቱ ከቁጥሩ ፊት «10#» ማስቀደም ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይቅደም፤ ሒሳቡ ይከተል። የገባው ባዶ ነው? አኀዝ ብቻ ነው? ወሩ ከ1 እስከ 13 ነው? 13 ከሆነስ ዓመቱ ስንት ቀን ይፈቅዳል? ስህተት ሲገኝም «ልክ ያልሆነ ቀን» ብሎ ሰው ማባረር አይበቃም፤ «በ2014 ጳጉሜ 5 ቀን ብቻ ነበረች» ቢል ሰው ተረድቶ ያርማል።

ማጣሪያ መጻፍ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር መወሰን ነው። 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ማጣሪያ ጳጉሜን አያስገባም። ፕሮግራም የሚማሩ ልጆቻችን ሁለት ቁጥር ከመደመር አልፈው፣ የመጀመሪያ መልመጃቸው ጳጉሜን የሚያውቅ ስክሪፕት ቢሆን ምን አለበት?