ቤት ያልመታ ዲግሪ

«ኢልማ ኮ፣ ይህ ሲስተም የምትሉት ሰው ሁልጊዜ የሚሄደው ወዴት ነው?»

ጠያቂዬ ለመስቀል በሬ ሸጠው ገንዘባቸውን ሊያስቀምጡ ነቀምቴ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። መስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ የተቀመጥሁ የባንክ ሠራተኛ፣ እርሳቸው ከመስኮቱ ወዲያ የቆሙ ደንበኛ፤ «ሲስተም ሄዷል» የሚለውን መልስ ስሰጣቸው ያ ዕለት ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ገንዘቡን በወገባቸው አስረው በዘመድ ቤት ያደሩ ሰው ምን ያስቃቸዋል? በሳቄ አፈርሁ። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ወዴት እንደሚሄድ እኔም የማላውቅ መሆኔ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ዴቢትና ክሬዲት ለይቼ አውቃለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ፊቴ ላይ ተደቅኖ የሚውለው ሣጥን ግን ለእኔም ከመጋረጃ በስተኋላ እንደሚናገር ጠንቋይ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአንድ የግል ኮሌጅ፣ በማታው መርሐ ግብር፣ ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪ ተመዘገብሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እንማራለን፤ ከዚያ በጨለማ ወደ ቡርቃ ጃቶ፣ ወደ ኪራይ ቤቴ። «ቡርቃ» ማለት ምንጭ ማለት ነው። በምንጭ ስም በሚጠራ ሰፈር እየኖርሁ በጄሪካን ውኃ ማስቀዳቴን ለቅኔ ወዳጆች ትቼ አልፋለሁ።

ቤተ ሙከራው 14 ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ የሚሠሩት 6። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍን የተማርሁት በጠመኔና በሰሌዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ቋንቋ በእርሳስ በደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ በሻማ ብርሃን ራሴ ኮምፒውተር ሆኜ መስመር በመስመር እከተለዋለሁ፤ ቁጥሮቹን በኅዳጉ ላይ እያሰፈርሁ፣ እየሰረዝሁ። የቅኔ ተማሪ በዱር ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ሲቆጥር እንዲሁ ይሆን? አንዲት ነገር ግን እስከ ዛሬ ትደንቀኛለች። በእኛ ጽሑፍ ድርብ ሰረዝ ማረፊያ ናት፤ ብትረሳም አንባቢ ይቅር ይላል። በዚያ ቋንቋ የእርሷ እኅት የሆነችው ምልክት ከአንድ መስመር መጨረሻ ከጎደለች ድርሰቱ ሁሉ ይፈርሳል። ግጥሜን እንዲህ ባለ ጭካኔ የሚያርምልኝ ሰው ባገኘሁ እያልሁ ተመኝቻለሁ።

ሁለተኛው ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሲጋመስ፣ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉድሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ዝም አለ። እኛ ዘንድ ስልኩ ነበረ፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ። እስከ መጋቢት ማብቂያም እንዲሁ ቆየ። የዚያ መንፈቅ ትምህርታችን «የኮምፒውተር መረብ» ነበር! መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ሣጥኖች ሥሎ በመስመር ያገናኛል፤ መልእክቱ እንዴት ተቆራርሶ፣ አድራሻ ተጽፎበት፣ በየመንገዱ እየተጠየቀ እንደሚደርስ ያስረዳል። ከአጠገቤ የሚቀመጠው የደምቢ ዶሎ ልጅ እናቱን በስልክ ካገኛት ሁለት ወር አልፎት ነበር። አንድ ምሽት እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ መልእክቱ ካልደረሰ ላኪው በምን ያውቃል?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ በመጽሐፉ እንዳለው መለሰለት፤ «ደርሶኛል የሚል ምላሽ ሲቀርበት ያውቃል።» ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈው። በዚያ ምሽት ሌላ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም።

ወደ መመረቂያ ሥራዬ ልለፍ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርሁትም ስለ እርሱ ለመናገር ብዬ ነው።

በልጅነት እጄ የጻፍኋቸው ግጥሞች በአንድ ፍላሽ ውስጥ ነበሩ፤ በፓወር ግዕዝ የተተየቡ። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ስከፍታቸው ፍቅሬም እንባዬም የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን የተረዳሁት በአራተኛው ዓመት ነው፤ ያ አሠራር ፊደላችንን ያስቀምጥ የነበረው በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ወንበር ሰጠው። የወንበሩ አደራደር ደግሞ ለግጥም ጸሐፊ ስጦታ ነው። ቁጥሩ ከ4608 ይጀምራል፤ ያ «ሀ» ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቤት 8 ቦታ ተመድቦለታል፤ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 እያለ ይሄዳል። እንግዲህ «ሞ»ን ውሰዱ፤ ቁጥሯ 4638 ነው። 4608 ቀንሱለት፤ 30 ይቀራል። ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። ከዜሮ ስንቆጥር 3 የ«መ» ቤት ነው፤ 6 ደግሞ ሳብዕ። ማሽኑ አማርኛ አንድ ቃል ሳያውቅ፣ በማካፈል ብቻ፣ ስንኙ በምን ፊደልና በየትኛው ድምፅ እንደሚያልቅ ይናገራል ማለት ነው! ይህን በሻማ አስልቼ ባገኘሁት ሌሊት ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኋት። «ነገ ሥራ የለህም?» አለችኝ።

ጓደኞቼ የሆቴልና የተማሪ መመዝገቢያ ሲሠሩ እኔ ቤት የሚመቱ ቃላትን የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራሁ። ቀላል አልነበረም። «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» በጆሮ አንድ፣ በቁጥር ሦስት ናቸው፤ ማስታረቅ ነበረብኝ። መጥበቅና መላላትን ግን ማስታረቅ አልቻልሁም፤ «ገና» የበዓሉ ይሁን የጊዜው ፊደሉ አይነግረኝም። በዚሁ ስደክም ከ«ደ» ቤት ቀጥሎ 4856 ላይ «ዸ»ን አገኘኋት። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ «ዸ»ም በዚያ አለች። ሰውየው በ1904 ወደዚህች ወደ ነቀምቴ መጥቶ አስተምሯል፤ በ1931 ያረፈውም እዚሁ ነው። እኛ ኦሮምኛን በቁቤ ስለምንጽፍ «ዸ»ን ዛሬ ለዕለት ሥራ የሚፈልጋት የለም። ወንበሯ ግን አለ። በፕሮግራሜ ውስጥ አላስወጣኋትም።

ፈተናው መጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ላይ ሲጀመር እኛ የመጀመሪያዎቹ ነበርን፤ 50 ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም። 46 አመጣሁ። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ባልደረቦቼ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። መጽናናት ግን አልቻልሁም። መጀመሪያ በኮሌጁ ተናደድሁ፤ የአምስት ዓመት ክፍያ ተቀብሎ በጠመኔ አስተምሮኛልና ቁጣዬ አግባብ ነበረው። ኋላ ግን ሌላውን ግማሽ ለራሴ መናገር ነበረብኝ። የመጨረሻውን ዓመት ሌሊቶች ያጠፋሁት በዳታቤዝና በመረብ ደኅንነት ንባብ አልነበረም፤ በ«ሞ» እና በ«ዸ» ነበር። ፈተናው የጠየቀኝ ያልተማርሁትንም፣ ተምሬ የናቅሁትንም ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደገምሁ። 48።

ከዚያ ወዲህ የምዝገባው ጊዜ ደጋግሞ መጥቶ አልፏል። ባለቤቴ በየጊዜው «ዘንድሮስ?» ትለኛለች። ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ ሦስተኛውን ቁጥር ፈርቼ ነው።

ፕሮግራሙን ባለፈው ክረምት በራሴ ግጥሞች ላይ ሞከርሁት። ከ212 ጥንድ ስንኞች 61ዱ በ«ል» ያልቃሉ፤ ያውም ሁሉም በግስ። «ይመጣል» ከ«ይወጣል»፣ «ይነግራል» ከ«ይቀራል»… ለዓመታት ግጥም የመሰለኝ ነገር ሲሶው ሊሞላ ምንም ያልቀረው የግስ እርባታ ኖሯል። የማውቃቸው ሐያስያን በትሕትና ዝም ያሉኝን ማሽኑ በአንድ መስመር ነገረኝ። 40ውን ቀድጄ ጣልሁ።

አዛውንቱ አሁንም ይመጣሉ። ባለፈው ወር ሲስተሙ እንደልማዱ ሄዶ ነበርና መስኮቱ ላይ ቆመው ዐይን ዐይኔን ሲያዩኝ፣ የዚያን ዘመኑን ጥያቄያቸውን ያልዘነጋሁ መሆኔን ነገርኋቸው። «ወደ ፊንፊኔ ነው የሚሄደው» አልኋቸው፤ «የእርስዎ ሒሳብ የተጻፈበት ትልቁ መዝገብ እዚያ ነው። ከዚህ እዚያ ድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ተዘርግቷል። መልእክተኛው ሄዶ ጠይቆ ካልተመለሰ እኔ ልከፍልዎ አልችልም።»

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የቁጠባ ደብተራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና፣ «መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ» አሉኝ፤ «ነገ እመጣለሁ።»