ግመሉ ደላላ አለው፣ ኡዱስ?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጅጅጋ ከብት ገበያ ብቻውን ግመል ሊገዛ የሚሄድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ደላላው አለ፤ ጥርስ አይቶ ዕድሜ የሚናገረው አለ። ዋጋው ራሱ በአፍ አይነገርም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ በጣት ነው የሚነጋገሩት። ያው ጥንቁቅ ሰው አሮጌ ኡድ ሲገዛ ግን ብቻውን ዘው ይላል። እኔን ማለቴ ነው።

ኡድ ያልኩት ሶማሌው ካባን የሚለውን፣ ድምፃዊው አሊ ቢራ ሲጫወተው የምናውቀውን የክር ሙዚቃ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ላይ ያረፈው፣ የኡድ ንጉሥ የተባለው የበርበራው ሁዴይዲ እንኳ አብዱላሂ ቀርሼን የመሰለ አስተማሪ ነበረው። እኔ ማንን ይዤ? ቫርኒሹ አብለጨለጨ፣ ልቤ ሄደ።

ደግነቱ ብሩ አልሞላልኝም። በማግስቱ ኡድ ሲጫወቱ ያረጁ ጎረቤቴን ይዤ ተመለስኩ፤ እንደ አገሩ ልማድ «አደር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት። ክሩን አልነኩም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ሆዱን እንደ ሐብሐብ ኳ ኳ አደረጉት። ከዚያ አስር ብር አውጥተው ክሮቹ ከታች የታሰሩበት እንጨት ሥር ሰደዷት፤ ሰተት ብላ ገባች። 11 ክር ዓመት ከዓመት ሲጎትተው እንጨቱ መላቀቅ ጀምሯል። አየሩም አለበት፤ ከባሕር ዳርዋ ከተማ ከበርበራ ወበቅ ወጥቶ ጅጅጋ ደረቅ አየር ውስጥ የገባ ኡድ ይኮማተራል፣ ሙጫው አፉን ይከፍታል።

እኔን የገረመኝ ግን ዝምታቸው ነው። ባለሱቁ ፊት ትንፍሽ አላሉም። ሻይ ቤት ወስደውኝ፣ የግመል ወተት ሻይ አዝዘው፣ ያኔ ተናገሩ። እንጨቱ በሙጫ ይመለሳል። የሚንሸራተተው መቃኛ ጠመኔ ቢቀቡት ይይዛል። አንገቱ ቢጣመም ኖሮ ግን በነጻም አትውሰደው እልህ ነበር፤ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ይንጠለጠላል፣ ጀማሪ ጣቱ እስኪላጥ ቢጫን ድምፁ ልክ አይመጣለትም።

ተመልሰን ገባን። ዋጋ ልከራከር አፌን ስከፍት አደር የአንገት ልብሳቸውን አውልቀው ባለሱቁ እጅ ላይ ጣል አደረጉ። ለካ ሁለቱም የከብት ገበያ ሰዎች ኖረዋል! እኔ የከፈልኩትን አውቃለሁ፤ ጨርቁ ሥር ስንት እንደተባባሉ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።