የክረምት ስንቅ፤ ከአዳማ እስከ ዝዋይ ደሴት

በሰሜን ባሉ አገሮች፣ ይኸውም በኖርዌይ፣ በስዊድንና በካናዳ፣ ክረምት በመጣ ጊዜ በረዶው መንገዱን ይደፍነዋል፤ ከከተማ ርቆ የሚኖረውም ገበሬ ቀድሞ በቤቱ ባከማቸው እህልና እንጨት ጸደይን ይጠብቅ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ አይታወቅም፤ አልፎ አልፎ የሚታየው ቁመቱ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚሆነው በራስ ዳሽን ተራራ ራስ ላይ ነው። ነገር ግን የአገራችን ክረምት በረዶ ባይኖረውም መንገድ መዝጋት ያውቅበታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ጭቃና ጎርፍ የሚያደርጉትን፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ የኖረ ሰው ሁሉ ቀምሶታል። እኛም ቀምሰነዋልና፣ ከዚያ የተማርነው ነገር ለየቤተ ሰቡ ይጠቅማል ብለን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን።

አዳማ፣ ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በዚያ አልፎ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ገበያዋ እየሰፋ ስለ ሄደ ዛሬ በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሁሉ በውስጧ አይታጣም። ነገር ግን ከገበያው ጥቂት ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው፣ ሐምሌ በገባ ጊዜ ያ ሁሉ ገበያ እያለ እንደሌለ ይሆንበታል። የእኛ እርሻ ከሞጆ ወደ ቆቃ በሚወስደው አገር፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በመረሬ መሬት ላይ ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ፣ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ አብጦ የረገጠውን ሁሉ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፤ መኪና ቀርቶ አህያም እየሰመጠች ትሄድበታለች።

ለስምጥ ሸለቆ አገር እንግዳ የሆነውን ሰው አንድ ነገር ያሳስተዋል። በዚያ የሚዘንበው ዝናብ ከደጋው ያነሰ ስለ ሆነ ክረምቱ ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው ከራሱ ሰማይ ብቻ አይደለም፤ በደጋው የዘነበው ውሃ በየፈፋው ተሰብስቦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ሳለች፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ድንገት ደራሽ ሞልቶት ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምቱን በዚያ እርሻ ለመክረም በቆረጥን ጊዜ የሚጎድለን ነገር ያለ አልመሰለንም ነበር። ጤፉ፣ ስንዴውና ሽምብራው በየጎተራው ተከቶአል፤ በርበሬው ተደልዞአል፤ ሽሮው ተፈጭቶአል፤ ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ ተነጥሮ በየዕቃው ተቀምጦአል። እንግዳ በመጣ ጊዜም ጎተራውን እየከፈትን እናሳይ ነበር። ይህን የመሰለ ስንቅ ይዞ ክረምትን የሚፈራ ማን ነው እያልን በልባችን መኩራታችን አልቀረም።

በሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ የቤቱን ቆርቆሮ በምስማሩ ቀዳዳ እያለፈ ወደ ውስጥ አፈሰሰ። በማግሥቱ የዕቃ ቤቱን ብንመለከት ከወለል ላይ የተቀመጠው የጨው ከረጢት ውሃ ገብቶበት ሟሙቶ አልቆአል። ክብሪቱም እንደዚሁ ርሶ ከጥቅም ውጭ ሆኖአል። እንጨቱን በጣራ ሥር ሳናስገባው ቀርተን ስለ ነበረ፣ በቤት ከተዳፈነው ፍም በቀር እሳት የምንለው ነገር አልነበረንም። ይህን ሁሉ እንደ ትንሽ ችግር ቆጠርነው፤ መንገዱ ሲደርቅ ሰው እንልካለን አልን።

በሦስተኛው ቀን ታናሹን ልጃችንን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ለእንዲህ ያለ ሕመም በቤት የሚሰጠውን መጠጥ እናውቀዋለን፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ልሙጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ በየጥቂት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እያሉ ማጠጣት ነው። ውሃ ነበረን፤ ስኳርም ነበረን፤ ያ ግማሽ ማንኪያ ጨው ግን በቤታችን አልነበረም። ስልካችን፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከተቋረጠ ሰንብቶ ስለ ነበረ፣ ዝም ብሎአል። ወደ ጤና ጣቢያው የሚያደርሰውንም መንገድ ደራሹ ቆርጦታል። የልጁ ዓይን ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ፣ ከሙሉ ጎተራ አጠገብ ቁመን የምናደርገው ጠፋን።

ከፈፋው ማዶ የሚኖር አንድ ገበሬ ጎረቤታችን ጩኸታችንን ሰማ። ምን እንደ ጎደለን በተረዳ ጊዜ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጨው በላስቲክ ቋጥሮ በራሱ ላይ አሰረ፤ ረጅም በትርም ይዞ የውሃውን ጥልቀት እየለካ ገባ። ውሃው እስከ ደረቱ ደርሶ ሁለት ጊዜ ሲያዘነብለው አየን፤ የሰባት ልጆች አባት እንደ ሆነም እናውቅ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደኅና ተሻገረ። ልጁም ሌሊቱን ሙሉ በማንኪያ ሲጠጣ አድሮ በሦስተኛው ቀን እንጀራ ለመነ። ጎረቤታችን ልብሱን በፍሙ ዳር ሲያደርቅ ጎተራውን አየና፣ «ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ እህል ይዛችሁ ጨው ጠፋባችሁን?» አለን። ለመውቀስ ብሎ አልነበረም፤ እውነት ደንቆት ነበር። ቃሉ ግን ከልባችን አልወጣም።

በሚከተለው ዓመት በግንቦት ወር፣ ክረምትን ተለይተው መክረም ከዱሮ ጀምሮ ሥራቸው የሆነውን ሰዎች ለማየት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሄድን። መንገዱ ከሞጆ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ ሥራው የተፈጸመው የቆቃ ግድብ የፈጠረውን ሐይቅ በስተ ግራ እየተወ በዓለም ጤና በኩል መቂ ይደርሳል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ዳር ሐይቁ ይታያል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የቀታር ወንዝ ከአርሲ ደጋ እየወረዱ ይገቡበታል፤ ትርፉም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሄዳል። በዳርቻው ይብራዎችና አባ ኮዳዎች ከዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቁመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ሐይቁ እንዲህ ሰፊ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህም ጥልቀት የማጣቱ ነገር አደጋ አለው፤ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ውሃው ቶሎ ይናወጣልና።

በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች ይገኛሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ነው፤ ትርጓሜው በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ሲሆን በግእዝ ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት እንደ ሸሹ በትውፊት ይነገራል፤ የብራና መጻሕፍትም በዚያ ተጠብቀው ኖረዋል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛይ የሚባሉት ሕዝብ ናቸው፤ ቋንቋቸው ከሐረሪና ከስልጥኛ ጋር ዝምድና አለው። ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ግዛታቸውን እስከ አርሲ ካስፋፉ ወዲህ፣ ብዙዎቹ ከደሴቱ እየወጡ በሐይቁ ዳር ሰፍረዋል። ከዚያ በፊት ግን ኑሮአቸው ሁሉ በዚያች በጠበበች መሬት ላይ ነበር። ስለዚህ የተራራውን ቁልቁለት በድንጋይ እርከን እየካቡ አፈሩ እንዳይታጠብ አድርገው አረሱት፤ ዓሣ አጠመዱ፤ ጥጥ ፈትለው ሸማ ሠሩ፤ ከደንገል በተሠራ ታንኳም እየተሻገሩ ተገበያዩ።

በባለ ሞተር ጀልባ ቱሉ ጉዶ ደርሰን ወደ መንደሩ በወጣን ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ አንዲት እናት በቤታቸው ተቀበሉን። ቆሎና ቡና ከቀረበልን በኋላ የመጣንበትን ነገር ገለጽንላቸውና፣ «እማማ፣ ክረምት ሲገባ ስንቅዎን እንዴት ይቈጥራሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እኛ የምናበቅለውን አንቈጥርም፤ እርሱስ በዓይናችን ፊት ነው። የምንቈጥረው የማናበቅለውን ነው» አሉን። ይህን ብለው ከምድጃው በላይ ወዳለው ቆጥ አመለከቱን። ጨዉ አፉ በጥብቅ በተከደነ ቅል ውስጥ ሆኖ ጢሱ ከሚያልፍበት ተሰቅሎአል፤ በዚያ ስፍራ እርጥበት አይነካውም። ክብሪቱ በጠርሙስ ተከቶ በቡሽ ተወትፎአል። መርፌውና ክሩ፣ መድኃኒቱና የመብራቱ ባትሪ በአንድ ሣጥን አሉ። ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከነቆረቆንዳው በጢሱ ላይ ተንጠልጥሎአል፤ ጢሱ ነቀዝን ያርቃል። እንጨትና አገዳው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ በክዳኑ ሥር እስከ ጣራው ተከምሮአል።

«ነፋስ በተነሣ ቀን ጀልባ አይወጣም፤ በሽታ ግን ነፋስ እስኪበርድ አይጠብቅም። ስለዚህ ከማዶ የሚመጣው ነገር ግንቦት ሳያልቅ በቤቴ ሊገባ ይገባል» አሉን። ጎረቤቶቻቸውም ምን ምን እንዳላቸው አንድ በአንድ ነገሩን፤ በማን ቤት ጨው እንደ ተረፈ፣ በማን ቤት መድኃኒት እንዳለ፣ ማን መልካም ቀዛፊ እንደ ሆነ ያውቁታል። እኛ በዚያ በመከራችን ቀን ስለ ጎረቤታችን ይህን የሚያህል እውቀት አልነበረንም፤ እርሱ ግን ስለ እኛ ለማወቅ ወንዝ ገብቶ ነበር።

ከደሴቱ ስንመለስ በጀልባው ላይ ሆነን የተነጋገርነው ይህን ነው። ራስን መቻል ማለት ሁሉ ያለው መሆን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው በምድር ላይ አልተገኘም። በውሃ የተከበበው የዛይ ሕዝብ እንኳ ያለ ገበያ አልኖረም። ራሱን የቻለ ቤት የሚባለው የሚጎድለውን ለይቶ ያወቀ ቤት ነው። የተትረፈረፈ ነገር ዓይንን ይሸፍናል፤ እኛም የጎደለውን እንዳናይ የከለለን የጎተራችን ሙላት ነበር።

እንግዲህ ከከተማ ርቆ ክረምትን የሚከርም ቤተ ሰብ ሁሉ ግንቦት ሳያልቅ እነዚህን ነገሮች ቢፈጽም መልካም ነው። በመጀመሪያ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ከመሬታቸው የማይበቅለውን ሁሉ ይጻፉ፤ ጨው፣ ክብሪት፣ መድኃኒት፣ የመብራት ዕቃ፣ መርፌና ክር። እነዚህን ከወለል አንሥተው በተከደነ ዕቃ ከፍ አድርገው ያኑሩአቸው፤ በአንድ ስፍራም አይሰብስቡአቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋልና። ከእህሉ ጤፍ በደቃቅነቱ ነቀዝ ስለማይደፍረው ለመጨረሻ ይቈያል፤ በቆሎና ማሽላ ግን አስቀድመው ይበላሉ። የጣራው ምስማር አንድ በአንድ ይታይ፤ በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቈፈር፤ እንጨቱም የመጀመሪያው ዝናብ ሳይነካው በክዳን ሥር ይግባ። እሳት ማንደድ በማይቻልበት ቀን የሚበላ በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይዘጋጅ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ጎረቤትን ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ ያለውንና የሌለውን ማወቅ፣ በችግር ጊዜም በምን ምልክት እንደሚጠራሩ መስማማት ነው። ወንዙ ከሞላ በኋላ ይህን ለመነጋገር ጊዜው ያለፈ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእርሻችን ሌሎች ክረምቶችን ከርመናል። ባለፈው ሐምሌ ፈፋው ለ11 ቀን መንገዱን ዘግቶት ሰነበተ። ጨዋችን በቅል ሆኖ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከፈፋው በስተ ማዶም ከጎረቤታችን ቤት፣ ተነጋግረን ያኖርነው ሁለተኛ ቅል ነበረ። በዘጠነኛው ቀን እርሱ ከማዶ ቁሞ ክብሪት እንዳለቀበት ጮኾ ነገረን። ወንዝ እንዲገባ አላደረግነውም፤ ክብሪቱን በጠርሙስ ዘግተን ከድንጋይ ጋር በገመድ አስረን ወረወርንለት። ልጃችንም፣ ያ በማንኪያ ያጠጣነው፣ ያንን አንድ ጠርሙስ ከዝርዝሩ ላይ በእጁ ሰረዘና ከጎኑ «ይተካ» ብሎ ጻፈ።