የውሃ አባት

በሣር ማጠጫ ቧንቧ ላይ ማጥለያ መግጠም ብዙ የሚጻፍበት ጉዳይ አይመስልም። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ዕቃውም በየመደብሩ ይሸጣል። እኔ ግን ይህን የግማሽ ቀን ሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳዘገየው ኖሬ፣ በመጨረሻ የፈጸምኩት በአባቴ ግፊት ነው። ስለዚህ ስለ ማጥለያው ስጽፍ ስለ እርሳቸው ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

የምኖረው በዩታ፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ ራቅ ባለች ከተማ ነው። አገሩ ደረቅ ነው። የሞርሞን ሰፋሪዎች በሐምሌ ወር 1847 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ሸለቆ ሲደርሱ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ የወንዝ ውሃ ጠልፈው የነቃውን መሬት ማራስ ነበር። ያ ልማድ መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ። በብዙ ሠፈሮች ለአንድ ቤት ሁለት የውሃ መስመር ይገባለታል፤ አንዱ ለመጠጥ የተጣራ፣ ሁለተኛው ከወንዝና ከግድብ ተጠልፎ ሳይጣራ በግፊት የሚመጣ የአትክልት ውሃ። ይህ ሁለተኛው ውሃ የሚለቀቀው ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ገደማ ብቻ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አሸዋውን፣ አልጌውን፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊቱን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

አባቴ በ2018 እ.ኤ.አ. ለስድስት ወር ሊጠይቁን መጡ። የመጡት ውሃው በተለቀቀበት ሳምንት ነበር። በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም አካባቢ፣ በርበሬና ሽንኩርት በመስኖ ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ለብዙ ዓመታትም በመንደራቸው የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ገበሬው ራሱ መርጦ የሚሾመው ሰው ነው። የውሃውን ተራ ያካፍላል፤ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሕዝቡን ለቦይ ጠረጋ ያስወጣል፤ ሁለት ጎረቤታሞች በሌሊት ውሃ ቢጣሉ ፋኖስ ይዞ የሚወርደው እርሱ ነው።

እኔ እኚህን ሰው አምጥቼ ሶፋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ይረፉ ብዬ ነው። ጠዋት ሁላችንም ወደ ሥራችን እንሄዳለን፤ ማታ ስንመለስ በተውናቸው ቦታ እናገኛቸዋለን። ቴሌቪዥኑ የማያውቁትን ቋንቋ ይናገራል። በሦስተኛው ሳምንት፣ “ልጄ፣ መመለሻዬ መቼ ነው?” አሉኝ። የጎደለዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ “ኧረ ምንም አልጎደለኝም” አሉ። የጎደላቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በዚያን ሰሞን በየቅዳሜው መርፌ ይዤ በሣሩ ላይ እንበረከክ ነበር። በግቢያችን ሠላሳ ስምንት የውሃ መርጫዎች አሉ። እያንዳንዱን እፈታለሁ፣ በውስጡ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አጥባለሁ፣ ቀዳዳውን በመርፌ እጎረጉራለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። በሳምንቱ እንደገና ይደፈናል። አባቴ በረንዳ ላይ ቆመው ሁለት ቅዳሜ በዝምታ ተመለከቱኝ። በሦስተኛው ወርደው መጡና፣ “ሕመሙ ከአፉ ነው፤ አንተ ጣት ጣቱን ታሻለህ። ውሃው ከሚገባበት ላይ ምን አድርገህበታል?” አሉኝ።

ምንም አላደረግሁበትም ነበር። በዚያው ሳምንት አንዲት ጠጠር ከአንዱ ቫልቭ የጎማ ሽፋን ሥር ገብታ ቫልቩ ሳይዘጋ አደረ፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ሲፈስ ነጋ። እኔ ተኝቼ ነበር፤ ድምፁን ሰምተው የቀሰቀሱኝ አባቴ ናቸው። የመንገድ ዳሩን ዋና መዝጊያ አብረን ስንዘጋ፣ ከመጡ ወዲህ አይቼባቸው የማላውቀውን መልክ አየሁባቸው። የውሃ አባት በሌሊት ወርዶ ነበር።

በማግስቱ ማጥለያ ገዛሁ። ቅርጹ ቅርንጫፍ ያወጣ እንጨት ይመስላል፤ በተንጋደደው ክንዱ ውስጥ የማይዝግ የብረት ወንፊት አለ፤ በጫፉ ደግሞ ቆሻሻውን የሚያስወጣ ማፍሰሻ ይገጠምለታል። የወንፊቱ ጥራት በቁጥር ይነገራል፤ 100 ማለት በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ መቶ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳው ይጠባል። ለሣር መርጫ 100 በቂ ነው። ቦታው ከዋናው መዝጊያ በኋላ፣ ቧንቧው ወደየቫልቮቹ ከመከፋፈሉ በፊት ነው።

ይህን ሳስረዳቸው አባቴ ሳቁ። በእኛ አገርም ወንዙ በሚጠለፍበት አፍ ላይ ቅጠልና ግንድ የሚይዝ የእንጨት አጥር ይሠራል፤ ወደየማሳው ከመከፋፈሉ በፊት። ያወቁትን ነገር በፕላስቲክ ተሠርቶ አገኙት።

ቧንቧውን ቆረጥኩ፤ ጫፉን አጸዳሁ፤ በጥርሱ ላይ ነጩን የቴፍሎን ጥቅል ጠመጠምኩ፤ ሐምራዊውን ማጽጃ፣ ቀጥሎም ሙጫውን ቀባሁና ገጠምኩ። የፒ.ቪ.ሲ. ሙጫ ከያዘ አይለቅም። እጄን ጠርጌ ስቆም አባቴ ጎንበስ ብለው፣ “ውሃው የሚመጣው ከወዴት ነው?” አሉ። በእጄ ወደ መንገዱ አመለከትኩ። “ታዲያ ይህ ለምን ወደ መንገዱ ያያል?” ብለው በማጥለያው አካል ላይ የተቀረጸውን ቀስት በጣታቸው ነኩ።

ገልብጬ ገጥሜው ኖሯል። በዚህ ዓይነት ማጥለያ ውሃው ከወንፊቱ ውስጥ ወደ ውጭ ያልፋል፤ ቆሻሻው ውስጥ ስለሚቀር ማፍሰሻው ሲከፈት ጠርጎ ይወጣል። ከተገለበጠ ግን ቆሻሻው በወንፊቱ ጀርባ ይከማቻል፤ ማፍሰሻው ቢከፈትም አይወጣም። ቆርጬ ጣልኩትና ሌላ ገዝቼ መጣሁ። ሁለተኛውን ያለ ሙጫ አስቀድሜ ለካሁ፤ ክንዱ ወደ ታች እንዲሆን አደረግሁ፤ በግራና በቀኙ የግፊት መለኪያ ጨመርኩ። ሙጫው እንዲደርቅ አንድ ቀን ጠበቅን፤ ከዚያም መዝጊያውን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ በድንገት የተለቀቀ ውሃ ቧንቧ ይሰብራልና።

መርጫዎቹ ግን ያው ደካማ ነበሩ። ተስፋ ቆርጬ ስቆም አባቴ፣ “በሩን ዛሬ ዘጋህ፤ ትናንት የገባው ግን ውስጥ ነው” አሉ። እውነት ነበር፤ ማጥለያ ከእርሱ በፊት ያለፈውን አያወጣም። የመርጫዎቹን ራስ ሁሉ ፈትተን ውሃውን ብንለቅቀው የሦስት ዓመት አሸዋ ወጣ። አባቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር። መዳፋቸውን ዘርግተው ሊጠጡ ሲሉ ያዝኳቸው፤ የሚጠጣ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። “የማይጠጣ ውሃ፣ የማይበላ ሣር” አሉ። በሳምንቱ የሣሩን አንድ ጥግ ቆፍረው በርበሬ ተከሉበት። ለእርሱ የዘረጋሁት የጠብታ መስኖ ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ስለሆነ 200 ቁጥር ማጥለያ ለብቻው ጨመርንለት። መመለሻቸው መቼ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም።

ማፍሰሻውን በየሳምንቱ የሚከፍቱት እርሳቸው ሆኑ። ሁለቱ መለኪያዎች ንጹሕ ጊዜ ተቀራርበው ይቆማሉ፤ ወንፊቱ ሲደፈን የወዲያኛው ዝቅ ይላል። ፈረንጅ ፊደል የማያነቡ አባቴ የሁለቱን እጆች መራራቅ አይተው ያውቁ ነበር። ያኔ ነው ያልጠረጉት ማጥለያ ራሱ መድፈኛ እንደሚሆን የገባኝ። እኔ ነገርን መግጠም አውቃለሁ፤ ገጥሜ መሄድ። ለአባቴም ክፍል፣ አልጋና ቴሌቪዥን ገጥሜላቸው ሄጄ ነበር።

በኦክቶበር ውሃው ሲዘጋ ውርጭ እንዳይሰነጥቀው ማጥለያውን አብረን አፍስሰን ከደንነው፤ በዚያው ሳምንት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስንገናኝ ከጤናዬ አስቀድመው የሚጠይቁኝ፣ “ቦዩን ጠረግህ?” እያሉ ነበር። በ2021 ክረምት ሥራ በዝቶብኝ ከወር በላይ ሳልነካው ቆይቼ፣ “አዎን አባባ፣ ጠርጌዋለሁ” አልኳቸው። “ተባረክ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ በዚያው ዓመት አረፉ።

በ2022 ታላቁ የጨው ሐይቅ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛ ወደሆነ ከፍታ ወረደ፤ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግም የአትክልቱ ውሃ እስከ 2030 ድረስ በቆጣሪ እንዲለካ ታዘዘ። ግማሹን ሣር ነቅዬዋለሁ፤ በርበሬው ሰፍቷል። ቅዳሜ ጠዋት ማፍሰሻውን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ቡናማ ይወጣል፤ ቀጥሎ አረንጓዴ፤ ከዚያ ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።