በአንድ እጅ የሚከፈት
በመጋቢት መጀመሪያ ወለድኩ። ግንቦት 1 የልደታ ዕለት የኮንዶሚኒየማችን ሴቶች ግቢ ውስጥ ንፍሮ ሲቀቅሉ እኔም ልጄን ታቅፌ ወረድኩ። እንደተቀመጥኩ አለቀሰ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከጀርባዬ ያለውን መንጠቆ ስፈልግ ጩኸቱ ልደታን ሞላው። ንፍሮውን ሳልቀምስ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ይህስ ቀላል ነበር። ከሥሩ ሽቦ ያለው የድሮ ጡት ማስያዣዬን ሳላወልቅ ስውል ሰንብቼ አንዱ ጡቴ ቀላ፣ ደነደነ፣ ትኩሳትም ያዘኝ። ያየችኝ ነርስ አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ሽቦው ነው። ጠባብ ልብስ ወተት የሚያልፍበትን ቧንቧ ሲጫነው ወተቱ ይቋጠራል፤ መፍትሔው ታዲያ ማጥባት ማቆም አይደለም። እኔ ግን በሕመሙ ብዛት የጣሳ ወተት ልገዛ ተነስቼ ነበር።

ለሚያጠቡ እናቶች የተሠራውን መርካቶ ፈለግሁ። የሚሆነኝ ልክ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። እናቴ «እኔ አንቺን ሳጠባ ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ነበር የማስይዘው» ብላ ሳቀችብኝና የስፌት መኪናዬን አቧራ ጠረገች።

አንቺም ልትሞክሪው ከፈለግሽ ሽቦ የሌለው፣ ከቀድሞ ልክሽ ሰፋ ያለ የጥጥ ጡት ማስያዣ ያዢ። ልክሽን የምትወስጂው ጡትሽ በወተት ሲሞላ ነው፤ አጥብተሽ እንደጨረስሽ ከለካሽ በኋላ ይጠብሻል። የትከሻ ማሰሪያው ከፊት፣ ጡቱን ከሚይዘው ሽፋን ጋር የተገናኘበትን ስፌት ፍቺ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን በቁልፍ ብቻ አያያዝኳቸው። ስከፍተው ማሰሪያው ወደ ጀርባዬ ሾልኮ ሄደ። (ልጅ የታቀፈ ሰው ጀርባውን በምን እጁ ይፈልጋል?) ስለዚህ ከማሰሪያው ጫፍ ተነስቶ በብብት በኩል እስከ ታችኛው ላስቲክ የሚደርስ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማይሳብ የጥጥ ጨርቅ ስፊበት። ሽፋኑ ሲወርድ ማሰሪያውን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቀጥሎ ከሌላ አሮጌ ጡት ማስያዣ ጀርባ ላይ መንጠቆና ማስገቢያውን ቁረጪ፤ መንጠቆውን ሽፋኑ ጫፍ ላይ፣ ማስገቢያውን ማሰሪያው ላይ ስፊ። ብረቱ ቆዳሽን እንዳይነካ ከሥሩ ጨርቅ ደርቢበት። ዐይንሽን ጨፍነሽ በአንድ እጅ ከከፈትሽው ሠርቷል፤ ሌሊት በጨለማ ነውና የምትከፍቺው።

ከአሮጌ ነጠላም 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ጨርቆች ደራርቤ ሰፋሁ፤ የሚፈሰውን ወተት ይመጥጣሉ። ሲርሱ ቶሎ መቀየር፣ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለን ፈቃድ 90 ቀናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይላል። መሐል ያለውን ጊዜ የምታሟላው እናት ናት። ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ በምሳ ሰዓት ዕቃ ክፍል ገብቼ ወተቴን በእጄ አልባለሁ፤ ሙሉ ልብሴን ማውለቅ ቢኖርብኝ ኖሮ ገና ድሮ ትቼው ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በመስከረም ትወልዳለች። ጨርቁን ገዝታ ሰጥታኛለች፤ ወተቷ እስኪሞላ ግን መቀሱን አላነሳም ብያታለሁ።