እጃጂ የጠፋችበት ፎቶ

ባለፈው ዓመት በኮሌጃችን በተካሄደው የአማተር ፎቶግራፍ ውድድር ላይ ከተሳተፉት ተማሪዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። አልተሸለምኩም። ይህን የምጽፈው ግን ዳኞቹን ለማማረር አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር አለመሸለሜ ተገቢ ነበር። የማወራው ስለ አንድ ዘዴ ነው። ካሜራ የነካ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ እኔም እንደ ጉድ የወደድኩት፣ ፊትን ጥርት አድርጎ ጀርባን ብዥ የማድረግ ዘዴ። በክፍል ውስጥ «ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ» እያልን በረጅሙ እንማረዋለን፤ ሰርግ ቀራጮች ግን በአጭሩ «ብለር» ብለውት ያርፋሉ።

እኔም መጀመሪያ ያወቅኩት ከክፍል ሳይሆን ከሰርግ ቤት ነው። የአጎቴ ልጅ አምቦ ውስጥ ሰርግ ይቀርጻል። ጥር ላይ ለእረፍት ስመጣ ሻንጣውን ተሸክሜ እከተለዋለሁ። ሙሽሮቹን አንድ ዛፍ ሥር ያቆምና 50 ሚሊ ሜትር ሌንሱን ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቶ ሲያነሳ፣ ከኋላ ያለው የቆርቆሮ አጥር፣ የተሰጣው ልብስ፣ አፍጥጦ የሚያየው ሕፃን ሁሉ ወደ አረንጓዴ ጭጋግ ይለወጣል። «አየሽ? አምቦ ይሁን ፓሪስ ማን ያውቃል!» ይለኛል። ያኔ ነገሩ ሙገሳ ሆኖ ነበር የተሰማኝ።

የእኔ ከተማ እጃጂ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሄደ ሰው አልፏታል፤ ልብ ብሏት እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ። አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፎ ባኮ ሳይደርስ መሐል ላይ የምትገኝ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። ዶርም ውስጥ «አገርሽ የት ነው?» ስባል ለረጅም ጊዜ «አምቦ አካባቢ» እያልኩ ነበር የምመልሰው። «አካባቢ» የምትለው ቃል እንዴት እንደምታድን የትንሽ ከተማ ልጅ ያውቃል።

የውድድሩ ርዕስ ሥራን የሚመለከት ነበር። እኔም ወዲያው የታዩኝ እጃጂ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡት ጎረቤታችን ናቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አዴ» ብዬ ነው የምጠራቸው። በገበያ ቀን ሸራ ዘርግተው ዛላ በርበሬውን ይከምሩና ከኋላው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ፊታቸው ለፎቶ የተሠራ ነው፤ የግንባራቸው መስመር፣ ሲስቁ የሚጠፉት ዓይኖቻቸው። የአጎቴን ልጅ ካሜራና ሌንስ ተውሼ ሄድኩ። አስፈቀድኳቸው፤ ሳቁና «አንሺ፣ ምን ቸገረሽ» አሉኝ። አንድ ሜትር ያህል ተጠግቼ፣ ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቼ፣ ዓይናቸው ላይ ፎከስ አድርጌ አነሳሁ። በካሜራው ስክሪን ሳየው ልቤ ዘለለ። የመጽሔት ሽፋን!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ብለሩን የመረጥኩት ፊታቸውን ለማጉላት ብቻ አልነበረም። ከኋላቸው ጭቃ አለ። የበረረ ፌስታል አጥር ላይ ተሰክቷል። ዓመታት ያስቆጠረ ጅምር ግንብ ብረቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል፤ ባጃጆች ተኮልኩለዋል፤ አንድ አይሱዙ ደግሞ ግማሽ መንገዱን ዘግቶ ጆንያ ያራግፋል። እነዚህን ነገሮች ዳኞቹ እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም። «አምቦ አካባቢ» እያለ የሚመልሰው አፌ በሌንስ በኩል መናገሩ ነበር።

ለጀማሪ የክፍል ጓደኞቼ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ላብራራ። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል (ግራ ያጋባል፣ ግን እንደዚያ ነው)። ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት ክልል ይጠብባል። ሌንሱ ሲረዝምና ወደ ሰውየው ስትጠጉ ደግሞ ይብስበታል። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ላይ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ተከፍቶ ከ1 ሜትር ርቀት ሲነሳ፣ ጥርት የሚለው ክልል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር! ዓይን ከተያዘ ጆሮ አይያዝም። ሁለት ሜትር ርቃችሁ ብታነሱ እንኳ ክልሉ ከ11 እና 12 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ስልክ ላይ ይህ የማይሆነው ሴንሰሩ በጣም ትንሽ፣ የሌንሱም እውነተኛ ርዝመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል። የስልኩ «ፖርትሬት» የሚባለው ብለር በስሌት የተጨመረ ነው። አንዳንዴም ይሳሳታል፤ አንድ ጓደኛዬ ቡና ስታፈላ ያነሳት እናቱን ከነጀበናዋ ለውድድሩ አቅርቦ የጀበናው እጀታ ግማሹ ወደ ጭጋግ ገብቶ ነበር። ጀበናው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ወደ ዳኞቹ ልመለስ። ፎቶዎቹ ተሰቅለው አስተያየት ሲሰጥ፣ በጋዜጣ ፎቶ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጋሼ የእኔው ፊት ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት። ደስ አለኝ። ከዚያ ጣታቸውን ከፎቶው ግርጌ ወዳለው ቀይ ነገር ቀስረው «ይሄ ቲማቲም ነው?» አሉ።

በርበሬው ነበር። ከዓይናቸው በፊት ግማሽ ሜትር ያህል ቀርቦ ስለነበር ከነዛላው ቀልጦ ቀይ ደመና ሆኗል። «በርበሬ ነው» አልኩ። «እሺ፤ ሴትየዋ በርበሬ ሻጭ መሆናቸውን በምን ላውቅ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ርዕሱ ሥራ ነው፤ በእኔ ፎቶ ውስጥ ግን ሥራው የለም፤ የሚያምር ፊት ብቻ አለ። አንደኛ የወጣው በስልክ የተነሳ የአንድ ጎሚስታ ፎቶ ነበር። ልጁ ጎማ ሲነቅል፣ ከኋላው ኮምፕሬሰሩ፣ የተደረደሩት ጎማዎች፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው የዋጋ ዝርዝር ሁሉ ይነበባል። ብርሃኑ ይህን ያህል አልነበረም፤ ግን ቆማችሁ ታነቡታላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ተናድጄ ነበር። የተረጋጋሁት ቤት ሄጄ ነው። ሳልዋሽ ልናገርና፣ ፎቶውን አሳጥቤ ለአዴ የወሰድኩላቸው ቢያንስ እሳቸው ያደንቁልኛል ብዬ ነበር። ተቀበሉኝ፣ ከፀሐዩ ጋር አዟዙረው አዩትና «ኩን ኤሳ?» አሉኝ። ይሄ የት ነው ማለታቸው ነው። እኔ ሳላውቅ ጀምሮ የተቀመጡበትን ቦታ!

ጋሼ ሲጠይቁኝ ተከራክሬ ነበር፤ ለዚህኛው ጥያቄ ግን የምከራከርበት ነገር አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ሥራ በዚህ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለወተርኤይድ የሠራቻቸውን ስለ ውኃ የሚያወሩ ፎቶዎች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። የተነሱት አፋር ዳሎል ላይ ነው። ደማቅ ልብስ የለበሱት ሴቶች የቆሙበት ጨውማ ምድር ወደ ጭጋግ ቢቀልጥ ኖሮ፣ ጥማቱ ራሱ ከፎቶው ይወጣ ነበር። ሙሉጌታ አየነ ደግሞ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የሠራ ፎቶግራፈር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ያለቁበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ዘግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ የድንገተኛ ዜና ተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ 1ኛ ወጥቷል። ሐዘንተኞቹና የተቆፈረው መሬት አብረው ባይቀርቡ ሐዘኑ የማንም ሐዘን ይሆን ነበር። በእርግጥ ይህ የአማተር ውድድር አይደለም፤ ነገር ግን ነገ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማረው እኛ ከዚህ ውጪ ከማን ልንማር ነው?

ክርክሩ ለካ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንሰል አዳምስና ኤድዋርድ ዌስተን ያሉበት ቡድን ራሱን «ኤፍ 64» ብሎ ሰየመ። ኤፍ 64 እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉን ጥርት ያደርጋል። በዘመኑ ፎቶን ሥዕል ለማስመሰል ሆን ብሎ ማደብዘዝ ፋሽን ስለነበር ያንን ለመቃወም ነው ስሙን የመረጡት።

ይህን ሁሉ ስል ብለር ይወገዝ ማለቴ አይደለም። ገበያ ውስጥ ከአዴ ኋላ የነበሩትን ሰዎች እኮ አንዳቸውንም አላስፈቀድኩም! ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል ውስጥ ያልፈቀደን ሰው ፊት መሸሸግ ካለብኝ ቀዳዳውን ከፍቼ ብዥ ባደርገው የሥነ ምግባር መምህራችን የሚቆጡኝ አይመስለኝም። የእኔ ጥፋት ሌላ ነው፤ የሸሸግኩት ሰው ሳይሆን እፍረቴን ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ከካሜራው ጋር የሚመጣውን ተራ ሌንስ 18 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጌ፣ ኤፍ 8 ላይ ዘግቼ፣ 2 ሜትር ላይ ፎከስ አደረግኩ። እንዲህ ሲደረግ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ፎቶው ግን አስቀያሚ ሆነ። የመብራት ምሰሶ ከአዴ ራስ ላይ በቀለ። የአይሱዙው አፍንጫ ጆሯቸውን ሊነክስ ደረሰ። ለካ ብለር የሚያድነን ከስንፍናም ነው፤ ጀርባው ካልጠፋ እግር መንቀሳቀስ አለበት። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ጭቃ ውስጥ ገባሁ፣ አይሱዙው እስኪሄድ ጠበቅኩ። ሰው ተሰብስቦ ሳቀብኝ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ ወጣ፤ በርበሬው ዛላ በዛላ ይቆጠራል፣ አዴ ለገዢ ሲሰፍሩ ነው፣ ከኋላ ጅምሩ ግንብ፣ ባጃጆቹ፣ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አስፋልት። ፌስታሉም አለ።

ይሄኛውን አሳጥቤ ስወስድላቸው ፊታቸውን ለአፍታ እንኳ አላዩትም። ጣታቸውን ከኋላ በኩል ጆንያ ተሸክሞ ወደሚያልፈው ሰው ወሰዱና «ይሄ ሰውዬ እኮ የበርበሬ ዕዳ አለበት!» አሉ። ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አሳዩ። ሁሉም እየተሻማ የራሱን ሰው፣ የራሱን ቦታ መፈለግ ያዘ። ፎቶውንም አልመለሱልኝም፤ ሰውየው ሲመጣ ላሳየው ብለው ከበርበሬው ሥር ሸራው ላይ ሸጎጡት።