ቀዝቃዛ ኪራይ፣ ሙቅ ኪራይ

ደብረ ሲና ላይ ብርድ በነጻ ነው። የጣርማበር ጉም ቁልቁል ሲወርድብን ሒሳብ የሚጠይቀን የለም። ጀርመኖች ግን “ቀዝቃዛ ኪራይ” የሚሉት ነገር አላቸው። ይህን የሰማሁት ለነርስነት ሥልጠና ጀርመን ለመሄድ የምትሰናዳውን የእህቴን ልጅ ቃላት ስጠይቃት ነው።

“ካልትሚተ?”

“ቀዝቃዛ ኪራይ፣ ጋሼ።”

“ማሞቂያ የሌለው ቤት?”

“አይደለም። የቤቱ ዋጋ ለብቻው ነው። ማሞቂያውና ውሃው ሲጨመር ‘ዋርምሚተ’ ይባላል፤ ሙቅ ኪራይ።”

ሙቁም ቢሆን ሁሉን አይጠቀልልም፤ መብራት ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። “ሁለት ዚመር” ማለትም ሁለት መኝታ ቤት አይደለም፤ ሳሎኑም ይቆጠራል። ማስታወቂያው ላይ “አይንባውኩሸ” የሚል ከሌለ ደግሞ ምድጃውንና የዕቃ ማጠቢያውን ተከራዩ ራሱ ይዞ ሊገባ ይችላል።

“ካውትሲዮን”ን ቀብድ ብሎ መተርጎም ይቀናል። ልዩነቱ ግን ገንዘብ ነው። ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰባል። ካውትሲዮን መያዣ ነው፤ ተከራዩ ዕዳና ጉዳት ሳይተው ሲወጣ ይመለስለታል። የጀርመን ሕግ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድበዋል፤ በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈልንም ይፈቅዳል። ለዚህ ጉዞ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያመረተውን ማሾ ለሸጠ አባት ይህቺ “ከፋፍሎ” የምትል ቃል ቀላል አይደለችም።

እሱን ይበልጥ የገረመው ግን “ኩንዲጉንግስፍሪስት” ነው፤ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜ።

“አከራዩም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል?” አላት።

“ቢያንስ ሦስት ወር አባዬ፣ ያውም ሕጋዊ ምክንያት ጽፎ። ተከራዩም ሲወጣ ሦስት ወር ቀድሞ ይናገራል።”

“በይ እሷን ደግመሽ አጥኚያት።”

የእኛ የኪራይ መዝገበ ቃላት አጭር ነው፦ አከራይ፣ ተከራይ፣ ደላላ፣ ቀብድ። የቀረው በአፍ ነው። እንግዳ አታብዛ፣ ውሃ ቆጥብ፣ ሲመሽ በሩ ይዘጋል። በአፍ የተሰጠ ቤት በአፍ ይነጠቃል፤ “ከወር በኋላ ልቀቅ” ሲሉት ተከራይ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ወረቀቱ ግን በሕግ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ላይ የዋለው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ይህን በቃሉ የሚያውቅ ተከራይ ስንት ይሆን? ልጅቱ ለሰው አገር ቤት ይህን ያህል ካጠናች፣ እኛም ለገዛ አገራችን ቤት ጥቂት ቃላት ብናጠና አይከፋም።